ቀለብና ሥራ

(ለመምህራንና ለትምህርት ሹማምንት የተደረገ ንግግር)



ከጣና ሐይቅ በስተ ምዕራብ ካለው ከፍተኛ አገር ተነሥቶ በመተማና በቋራ ቈላ የሚወርደው የሽንፋ ወንዝ ወሰን ተሻግሮ ሱዳን ሲገባ ስሙ ይለወጥና ራሃድ ይባላል። ሀዋታ በዚሁ ወንዝ አጠገብ በገዳሪፍ ግዛት ውስጥ የምትገኝ ከተማ ናት። በ1920ዎቹ ዓመታት ሰናርን ከገዳሪፍና ከከሰላ ጋር ያገናኘው የባቡር ሐዲድ ያልፍባታል። የአገሩ አፈር ጥቁር ዋልካ ነው፤ በክረምት ሲረጥብ እግር ይይዛል፥ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። በዚህ ዋልካ ላይ ከ1940ዎቹ ጀምሮ በትራክተር የሚታረስ ሰፊ የማሽላና የሰሊጥ እርሻ ተቋቁሟል፤ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በራሃድ ዳር በመስኖ የሚለማ የጥጥ እርሻ ተጨምሯል። ትራክተር ያርሳል እንጂ አያርምም፤ ሰሊጥም በወቅቱ በእጅ ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋል። ስለዚህ የአረምና የአጨዳ ወራት በደረሰ ቊጥር በሺሕ የሚገመት የቀን ሠራተኛ በመተማና በገላባት በኩል ከኢትዮጵያ ወደ ገዳሪፍ ሲሻገር ኖሯል። በመተማ ወገን ይህን ሠራተኛ ሳሉግ ይሉታል። (በዚህ ንግግር ውስጥ ዓ.ም. ያልተጨመረበት ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተነገረ ነው።)

ይኸው አገር የስደተኛ አገርም ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከኤርትራና ከኢትዮጵያ የተሰደደ ሕዝብ በገዳሪፍ ዙሪያ ሰፍሯል። ሀዋታና ጎረቤትዋ መፋዛም ከሰፈራው ቦታዎች መካከል ተቈጥረዋል። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ጊዜ ኡም ራኩባ የተባለው ሰፈር ኢትዮጵያውያንን ተቀብሎ ነበር፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ደግሞ ከትግራይ ለመጡ ስደተኞች እንደ ገና ተከፈተ። እንግዲህ ያው አንድ የቈላ ሰው በጥቅምት ማጭድ ይዞ ሰሊጥ ሲያጭድ ብርቱ ሠራተኛ ይባላል፤ በመጋቢት የቀለብ ካርድ ይዞ ተሰልፎ ሲታይ ደግሞ ርዳታ ያሰነፈው ሰው ነው ይባላል። በሁለቱ ወራት መካከል የሰውየው ጠባይ ተለውጧልን? ወይስ የተለወጠው እርሱን የሚያየው ሰው ዓይን ነው?

ጥያቄው ለመምህራን ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያ የገጠር ሴፍቲኔት ሲቋቋም ማን ርዳታ ይገባዋል፥ ማን አይገባውም ብሎ በየቀበሌው ዝርዝሩን በሚመረምረው ኮሚቴ ውስጥ መምህር እንዲቀመጥ ተደርጓል። በትምህርት ቤት ምገባ ባለበት ሁሉም፥ ለምሳሌ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች፥ ምግቡ ሲሰጥ ቆሞ የሚያየው መምህር ነው። መምህር ስለ ችግረኛ የሚያስበው ነገር በመዝገብ ላይ ይጻፋል፤ የተጻፈውም በአንድ ቤት ምጣድ ላይ ይታያል። «ርዳታ ሕዝቡን አሰነፈው» የሚለው ቃል በመምህራን ማረፊያ ክፍል ብዙ ጊዜ ይሰማልና ማስረጃው ምን እንደ ሆነ መመርመር ይገባል።

ክርክሩ አሮጌ ነው። በ1795 በእንግሊዝ አገር፥ በበርክሻየር አውራጃ፥ ስፒንሃምላንድ በተባለ ስፍራ የተሰበሰቡ ዳኞች የዳቦ ዋጋ ሲወደድ የድኻ ሠራተኛ ደመወዝ በድጎማ እንዲሟላ ወሰኑ። ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ፥ በ1834፥ የመንግሥት መርማሪዎች «ይህ ድጎማ ገበሬውን ታካች አደረገው» የሚል ወፍራም ሪፖርት አቀረቡና ሕጉ ተለወጠ፤ ርዳታ የሚፈልግ ጉልበት ያለው ሰው ወደ ድኾች ቤት እንዲገባ ተደነገገ። በዚያም ቤት ያለው ኑሮ ከውጭው ድኻ ኑሮ የከፋ እንዲሆን ታስቦ ነበር። በ1960ዎቹ ግን ማርክ ብላግ የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቅ የመርማሪዎቹን ሪፖርት እንደ ገና ገልጠው ሲያነቡ፥ ከየደብሩ የተሰበሰበው መልስ በወጉ ያልተደመረ፥ መደምደሚያውም መልሱ ሳይታይ አስቀድሞ የታሰበ መሆኑን አሳዩ። ከ120 ዓመት በላይ አንድ ሕዝብ ስለ ድኻው ያመነበት ነገር ሂሳቡ ሳይሠራ የታመነ ነበር ማለት ነው።

ሂሳቡን ሳይሠሩ ማመን ለምን ይቀላል? ሰው ሁለት ነገር ጐን ለጐን ሲያይ አንዱን የሌላው ምክንያት ማድረግ ስለሚወድ ነው። ከሐኪም ቤት የሚወጡትን ሰዎች ገበያ ከሚወጡት ጋር ያስተያየ ሰው ሐኪም ቤት የሚሄዱት ይበልጥ እንደሚታመሙ ያገኛል፤ ከዚህም ተነሥቶ ሐኪም በሽታ ያመጣል ቢል የሚስቅበት ብዙ ነው። ቀለብ የሚቀበለው ቤት ከማይቀበለው ያነሰ ያርሳል ሲባል ግን የሚስቅ የለም። በ2005 አብዱላይ፥ ባሬትና ሆዲኖት የተባሉ ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን የገጠር ቤተ ሰቦች መዝገብ መርምረው ነበር። በቀላል ማስተያየት ርዳታ የሚቀበሉት ቤቶች ሥራቸው አንሶ ታየ። የቤቱ አባወራ ዕድሜ፥ የቤተ ሰቡ ብዛት፥ የመሬቱ ስፋትና ይህን የመሰለው ሁሉ ሲገባበት ግን ልዩነቱ ጠፋ። ርዳታው የሚሄደው አስቀድሞ ጉልበትና መሬት ወዳነሰው ቤት ነበርና፥ ያነሰው ሥራ የርዳታው ውጤት ሳይሆን ርዳታውን የጠራው ምክንያት ነበር።

ይህን የመሰለውን ስሕተት ለማስወገድ ከሁሉ የጸናው መንገድ ዕጣ ነው። ዕቊብ የገባ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሃያ ሰው ዕቊብ ቢጥል፥ በመጀመሪያው ሳምንት ዕጣ የሚወጣለት ብርቱ ስለ ሆነ ወይም ሰነፍ ስለ ሆነ አይደለም። እንዲሁ ርዳታው ለሁሉ በማይደርስበት ጊዜ በዕጣ ቢከፈል፥ የደረሳቸውና ያልደረሳቸው ሰዎች በጠባይም፥ በጉልበትም፥ በመሬትም በብዛታቸው ሲታዩ እኩል ናቸው። ከዓመት በኋላ በመካከላቸው ልዩነት ቢገኝ ያ ልዩነት የርዳታው ሥራ ነው እንጂ የሰዎቹ ተፈጥሮ አይደለም። ዕጣው ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ አንደኛ ሰዎቹ ብዙ መሆን አለባቸው፥ ሁለተኛ ያልደረሳቸው ሰዎች ስም ከመዝገቡ እንዳይጠፋ ያስፈልጋል። ብዙ ሪፖርት የሚበላሸው በሁለተኛው ነው፤ ርዳታ ያላገኘውን ሰው ማን ይቈጥረዋል?

በዚህ መንገድ መንግሥት ለችግረኛ የሚሰጠውን ገንዘብ በሰፊው የፈተኑ የመጀመሪያዎቹ አሜሪካኖች ናቸው። ከ1968 እስከ 1972 በኒው ጀርሲ፥ ከዚያም በአዮዋና በሰሜን ካሮላይና ገጠር፥ በጌሪ ከተማ፥ በመጨረሻም በሲያትልና በዴንቨር የተመረጡ ድኻ ቤተ ሰቦች የገቢያቸው ወለል ተወሰነላቸው፤ ከዚያ በታች የወደቀውን መንግሥት ያሟላላቸዋል። እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው አንድ ስሌት አለ። ሰውየው ሠርቶ አንድ ዶላር ባገኘ ቊጥር ከርዳታው አንድ ዶላር ቢቀነስበት ቢሠራም ባይሠራም እጁ ላይ የሚቀረው አንድ ነው፤ ሥራውን ቢተው የሚያስገርም ነገር የለበትም። ስለዚህ ፈታኞቹ ከአንዱ ዶላር ለአንዳንዱ 30 ሳንቲም፥ ለአንዳንዱ 50፥ ለአንዳንዱም 70 ሳንቲም እየቀነሱ መረመሩ። የሁሉም ፈተናዎች ውጤት ተጠቃሎ ሲታይ፥ ባሎች በዓመት የሁለት ሳምንት ያኽል ሥራ ቀነሱ፤ ሚስቶችና ብቻቸውን ቤት የሚያስተዳድሩ ሴቶች የሦስት ሳምንት ያኽል፤ ወጣቶች የአራት ሳምንት ያኽል ቀነሱ። ቅነሳው እውነት ነው፤ መካድም አያስፈልግም። ነገር ግን «ሥራ ይተዋሉ» ብሎ የፈራው ሰው የጠበቀው ይህን ያኽል አልነበረም። ከሁሉ ይልቅ የቀነሱት ወጣቶችስ ወዴት ሄዱ? በኒው ጀርሲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የሚጨርሱት ልጆች ቊጥር ጨመረ፤ በሰሜን ካሮላይና ገጠር የትንንሾቹ ልጆች የክፍል መገኘትና ማርክ ተሻሻለ። በፋብሪካው ሂሳብ ስንፍና የተባለው በትምህርት ቤቱ መዝገብ ትጋት ሆኖ ተጻፈ።

ሆኖም ሐሳቡ በአሜሪካ ሕግ አልሆነም። በሲያትልና በዴንቨር ፍቺ በዛ የሚል አንድ ቊጥር ወጣና ወሬው ሌላውን ሁሉ ሸፈነው። በኋላ ሌሎች ሊቃውንት ያንን ቊጥር መርምረው አልተስማሙበትም፤ ግን የሕዝብ አስተያየት አንድ ጊዜ ከተቀረጸ ወዲያ የቊጥር እርማት ቶሎ አይፍቀውም።

ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ተፈትኗል። በሆንዱራስ፥ በኢንዶኔዥያ፥ በሜክሲኮ፥ በሞሮኮ፥ በኒካራጓና በፊሊፒንስ የተደረጉ ሰባት የገንዘብ ርዳታ ሙከራዎችን ባነርጂና ባልደረቦቻቸው በ2017 አንድ ላይ ሲመረምሩ፥ ርዳታው ወንዱንም ሆነ ሴቱን ከሥራ እንዳራቀ የሚያሳይ የጸና ምልክት አላገኙም። ከዚያ ሁለት ዓመት አስቀድሞ የታተመው የስድስት አገር ሙከራ ደግሞ ለኢትዮጵያ ይቀርባል፤ አንዱ ስፍራ ትግራይ ነበርና። ሌሎቹ ጋና፥ ሆንዱራስ፥ ሕንድ፥ ፓኪስታንና ፔሩ ነበሩ። እጅግ ድኻ ለሆኑ ቤተ ሰቦች በግ፥ ፍየል፥ የንብ ቀፎ ወይም ሌላ መተዳደሪያ ተሰጠ፤ ከርሱም ጋር ለጥቂት ወራት ቀለብ ወይም ገንዘብ፥ ሥልጠና፥ በየጊዜው የሚጐበኝ ሰው ተጨመረ። ዕጣ ከወጣላቸው ቤቶች ውስጥ ያሉ ዐዋቂዎች ዕጣ ካልወጣላቸው ይልቅ በቀን ከሩብ ሰዓት የሚበልጥ ተጨማሪ ሥራ ሲሠሩ ተገኙ፤ አብዛኛው ከብት መጠበቅ ነበር። ሰው ያልነበረውን ከብት ሊጠብቅ አይችልም፤ ብዙ ጊዜ ድኻው የጎደለው የሥራ ፈቃድ ሳይሆን ፈቃዱን የሚያውልበት ዕቃ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ሕግ ስንመለስ፥ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የአደጋ መከላከል ፖሊሲ ጉልበት ያለው ሰው ሳይሠራ ቀለብ እንዳይቀበል ደነገገ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠሩ ሴፍቲኔት በዚሁ መሠረት ላይ ቆመ፤ በዝርዝር የገባ ቤተ ሰብ ለያንዳንዱ ሰው በወር 5 ቀን እርከን ይሠራል፥ መንገድ ይጠርጋል፥ ኩሬ ይቈፍራል፤ ጉልበት የሌላቸው ሽማግሌዎች፥ ሕሙማንና ነፍሰ ጡሮች ያለ ሥራ ይሰጣቸዋል። በየጊዜው በተደረገው ምርመራ አምስት ዓመት የተረዳ ቤት ከአንድ ዓመት ብቻ ከተረዳው ጋር ሲተያይ የረኀቡ ወራት በዓመት ከአንድ ወር በላይ አጠረለት፤ ከብቱም ጥቂት ጨመረ። በ2009 የታተመውም ጥናት የራሱን ሥራ እንደ ተወ ወይም ዘመድ መርዳቱን እንዳቆመ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። ይህ ምርመራ ግን በዕጣ የተደረገ አልነበረም፤ ተመራማሪዎቹ ተመሳሳይ ቤቶችን እየፈለጉ ነው ያስተያዩት፤ ስለዚህ የሚመዝነው ሰው ክብደቱን በዚያው ልክ ይስጠው።

እዚህ ላይ ለአስተማሪ ጆሮ የሚያስቸግር አንድ ቃል አለ። ከሴፍቲኔት ዝርዝር መውጣት «ምርቃት» ተባለ። በትምህርት ቤት የሚመረቀው ትምህርቱን የጨረሰ ነው፤ በቀበሌው ግን የምርቃቱ ኮታ ከላይ ሲመጣ ገና ያልጨረሰውም እንዲመረቅ የሆነበት ጊዜ ነበር። መለኪያውም ሀብት ነበርና፥ አንድ በሬ የጨመረ ሰው ከዝርዝሩ ሊወጣ እንደሚችል ያውቃል። ስለዚህ ፍየሉን እኅቱ ዘንድ ቢያስቀምጥ ጠባየ ብልሹ ነው ይባላል፤ ነገር ግን ከላይ የተነገረውን የአንድ ዶላር ስሌት ያስታወሰ ሰው ጥፋቱ ከደንቡ እንጂ ከቀለቡ እንዳልሆነ ያስተውላል። ሠርቶ ያገኘውን በሙሉ የሚያሳጣ ደንብ ሀብታሙንም ቢሆን ያሰንፈዋል።

በከተማ የተደረገው ግን በእውነተኛ ዕጣ ነው። በ2009 ዓ.ም. የከተማው ሴፍቲኔት በ11 ከተሞች ሲጀመር በአዲስ አበባ ሁሉም ወረዳ በአንድ ጊዜ ሊዳረስ ስላልቻለ የመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች በሕዝብ ፊት በዕጣ ተለዩ። ሥራው መንገድ መጥረግ፥ ቦይ መክፈት፥ ዛፍ መትከልና ይህን የመሰለ ነው። ፍራንክሊን፥ ኢምበርት፥ ግሩም አበበና ሜሂያ ማንቲያ የተባሉ ተመራማሪዎች የደረሰውንና ያልደረሰውን ወረዳ አስተያይተው ያገኙት ውጤት ሁለቱንም ወገን የሚያስደስት አይደለም። ዝርዝሩ ውስጥ የገቡት ሰዎች በርግጥ በግል ዘንድ ይሠሩት የነበረውን ሥራ ቀነሱ፤ «አላልንምን?» የሚል ሰው እዚህ ድረስ ትክክል ነው። ነገር ግን ጊዜያቸውን የወሰደው እንቅልፍ ሳይሆን የመንግሥት ሥራው ነው። ከዚህም ሌላ፥ በቀን ሥራ ገበያ ላይ የሚቀርበው ጉልበት ሲያንስ ደመወዝ ከፍ አለ፤ ተመራማሪዎቹ እንዳሰሉት ሥራው በከተማው ሁሉ ሲዳረስ የግል ሠራተኛ ደመወዝ በመቶ 18.6 ይጨምራል። ጭማሪው ዝርዝሩ ውስጥ ስሙ ለሌለው ተሸካሚና ልብስ አጣቢም ይደርሳል። ይህና የሰፈሩ ንጽሕና ሲቈጠር ድኻው ያገኘው ጥቅም በእጁ ከተቀበለው ብቻ ስድስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ቀጣሪ ሠራተኛ ጠፋ ብሎ ሲያማርር፥ ሠራተኛው ደመወዜ ተሻለ ይላል፤ ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ነው።

ሥራ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ደግሞ ሌላ የኢትዮጵያ ሙከራ አሳይቷል። ብላትማንና ደርኮን በአምስት ፋብሪካዎችና የንግድ እርሻዎች ሥራ ከጠየቁ አንድ ሺሕ ገደማ ወጣቶች ለአንዳንዱ በዕጣ ሥራውን እንዲያገኝ፥ ለአንዳንዱ የ300 ዶላር መነሻና የንግድ ሥልጠና እንዲሰጠው፥ ለቀሩት ምንም እንዳይሰጥ አደረጉ። የፋብሪካ ሥራ ካገኙት አንድ ሦስተኛው በመጀመሪያው ወር፥ በመቶ 77ቱ ደግሞ በዓመት ውስጥ ሥራውን ተዉ። ስለ ወጣቱ ትዕግሥት ማነስ የሚናገር ሰው እነዚህን ቊጥሮች ብቻ ይዞ ቢሄድ ደስ ይለው ነበር። ነገር ግን የፋብሪካው ደመወዝ መንደር ውስጥ ከሚገኘው አይበልጥም ነበር፤ ጤናም ይጐዳ ነበር። መነሻ ገንዘብ ያገኙት ግን ከዓመት በኋላ ገቢያቸው በመቶ 33 በልጦ ተገኘ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲመረመሩ ሦስቱም ወገኖች እኩል ሆነው ነበር፤ የመነሻው ገንዘብ በጎነት ለዘለዓለም አልቆየም። ይህን የመጨረሻውን ነገር ርዳታን የሚያመሰግኑ ሰዎች መርሳት ይወዳሉ።

አሁን ወደ ገዳሪፍ እንመለስ። ከሀዋታ ብዙ በማይርቀው በቃለ ንሓል ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሰፈሩት ስደተኞች የእርሻ መሬት ተሰጣቸው፤ በአጭር ጊዜ ራሳቸውን ይችላሉ ተብሎም ታመነ። የተሰጠው መሬት ግን የተወሰነ ነበር፤ ሰፈሩ ሲበዛ አልሰፋም። በየዓመቱ ያለ ዕረፍት የታረሰ ዋልካ ምርቱ ይቀንሳል፥ ዐቀንጭራም ይበዛበታል፤ ይህን የግብርና መምህር ሁሉ ያውቀዋል። በ1974 የወጣው የሱዳን የጥገኝነት ሕግ ደግሞ ስደተኛ መሬት እንዳይገዛ፥ ከተመደበበትም ስፍራ ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ ይከለክል ነበር። መሬቱ የደከመበት፥ ከሰፈሩ ለመውጣት ፈቃድ የሚያስፈልገው ሰው ቀለብ ሲጠብቅ የታየ እንደ ሆነ «የጥገኝነት በሽታ ይዞታል» ተባለ። በምሥራቅ ሱዳን ሰፈሮች ብዙ ዓመት የመረመሩት ኤርትራዊው ምሁር ጋይም ክብረአብ በዚህ አባባል ላይ ከተነሡት ሊቃውንት ፊተኛው ናቸው። በ1993 ባወጡት ጽሑፍ በሶማሊያ ሰፈሮች የነበሩት ስደተኞች ከቀለቡ ሌላ ገቢ ለማግኘት በየአቅጣጫው ይደክሙ እንደ ነበረ አሳይተው፥ ጥገኝነት የተባለውን ነገር ተረት ብለውታል። በገዳሪፍም ቢሆን ፈቃድ ሳይኖረው ሌሊት ወጥቶ የሰው ሰሊጥ የሚያጭድ ስደተኛ በሕግ ዓይን ጥፋተኛ፥ በሥራ ዓይን ግን ትጉህ ነው።

ሥራ ለስደተኛ ምን እንደ ሆነ በዕጣ የተፈተነው በባንግላዴሽ በሮሒንጋ ስደተኞች ሰፈር ነው። በ2022 በታተመው በዚህ ጥናት 745 ሰዎች ተከፈሉ፤ ለአንዱ ወገን ደመወዝ ያለው ቀላል ሥራ፥ ለሁለተኛው ወገን ያለ ሥራ ያንኑ ያኽል ገንዘብ፥ ለሦስተኛው ጥቂት ገንዘብ ብቻ ተሰጠ። ገንዘቡ እኩል ሳለ የሠሩት ሰዎች ልባቸው ይበልጥ ተጽናና፤ ጭንቀታቸው አነሰ። በመጨረሻም ያለ ደመወዝ መሥራት ትወዳላችሁን ተብለው ሲጠየቁ፥ ከሠሩት ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ያኽል ገንዘቡን ትተው ለጊዜው በነጻ ሊሠሩ ፈቀዱ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ስለ ሥራና ስለ መብላት የጻፈው ቃል በየስብሰባው ይጠቀሳል፤ ቃሉ ግን የሚናገረው ሊሠራ ስለማይወድ ሰው ነው። ሊሠራ ወዶ ስለ ተከለከለ ሰው ያንን ቃል መጥቀስ ንባቡን አለማስተዋል ነው።

እስካሁን የተነገረው ስለሚቀበለው ሰው ነው። የሚያየው ሰው ልብስ እንዴት ይሠራል? አሜሪካኖች ድኻን ሰነፍ ይሉታል፥ ዴንማርኮች ግን ዕድለ ቢስ ይሉታል የሚል የቈየ ወሬ አለ። በ2014 ኦሮና ፒተርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ፈተኑ። ስለ አንድ ርዳታ ተቀባይ ሰው ምንም ሳይነገራቸው የተጠየቁት በሁለቱ አገሮች ተለያዩ። ሰውየው ጤነኛ ሆኖ ሥራ መፈለግ እንደማይወድ የተነገራቸው በሁለቱም አገር ነፈጉት፤ ሲሠራ ኖሮ በሥራ ላይ እንደ ተጐዳ የተነገራቸው ደግሞ በሁለቱም አገር ራሩለት። የባህል ልዩነት የተባለው ነገር በሁለት ዐረፍተ ነገር ጠፋ። ሰው ስለ ሌላው ሳያውቅ ሲቀር ከልቡ ጓዳ ያለውን ሥዕል አውጥቶ ይሰቅላል፤ ሲነገረው ግን ያወርደዋል። በካምፓላ ከተማ የተደረገ ሙከራ ደግሞ ሌላውን ወገን አሳየ። ለትንንሽ ነጋዴዎች ገንዘብ ተሰጥቶ «ይህ ስደተኞች በመኖራቸው ከመጣው ርዳታ ለእናንተ የደረሰ ድርሻ ነው» ሲባሉ፥ ስደተኛን ማስተናገድን የሚደግፉ ሆኑ፤ ስሜቱም ከሁለት ዓመት በኋላ አልጠፋም። ጎረቤት የሚጠላው ስደተኛውን ሳይሆን እርሱ ያልቀመሰውን ቀለብ ሊሆን ይችላል።

በሽንፋና በራሃድ አገር ይህ ሁሉ በአንድ ትውልድ ተገልብጦ ታይቷል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ፥ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ያስተናገደው ሱዳናዊ ራሱ በገላባት ተሻግሮ መተማ ገባ፤ በምዕራብ ጎንደር በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ተቀመጠ። በ2024 ውጊያው ወደ ሰናር ግዛት ሲደርስም ብዙ ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ ሸሸ። መምህር የነበረ፥ ባለ ትራክተር የነበረ፥ ሳሉግ ቀጥሮ ያሠራ የነበረ ሰው የቀለብ ካርድ ያዘ። በካርዱ ላይ የተጻፈው ስም ተለወጠ እንጂ ከሰልፉ ዳር የሚሰማው ሐሜት አልተለወጠም።

መምህራንን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ሙከራ ቀርቷል። በ2010 በኦሮሚያ በዶባ ወረዳ፥ በ64 መንደሮች፥ በርናርድ፥ ደርኮን፥ ኦርኪንና ዓለማየሁ ሥዩም ታፈሰ ለአንዳንድ ገበሬዎች አንድ ሰዓት የሚፈጅ ፊልም አሳዩ። ፊልሙ የነርሱን በመሰለ ድኽነት ተነሥተው በእርሻ ወይም በንግድ የተሻሻሉ የአገር ሰዎችን ታሪክ የሚያሳይ ነበር። ገንዘብም ሆነ ቀለብ አልተሰጠም። ከስድስት ወር በኋላ ፊልሙን ያዩት ይበልጥ ቈጠቡ፥ ለልጆቻቸው ትምህርትም ይበልጥ አወጡ፤ ከአምስት ዓመት በኋላም ልዩነቱ ይታይ ነበር። አንድ ሰዓት ይህን ካደረገ፥ አንድ ልጅ ስምንት ዓመት ሙሉ በክፍል ውስጥ ስለ አባቱ የሚሰማው ነገር ምን እንደሚያደርግ መገመት ይቻላል። የሴፍቲኔት ልጅ ተብሎ በጓደኞቹ ፊት የተጠራ ተማሪ የሚሰማው ግን የፊልሙን ተቃራኒ ነው፤ ምግብ ሲታደል ድኾቹን ለብቻ በማሰለፍም ይኸው ይደረጋል።

እንግዲህ መምህር በኮሚቴ ሲቀመጥ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ይህ ሰው አንሶ የሚሠራው ከርዳታው በኋላ ነው ወይስ አስቀድሞም እንዲሁ ነበረ? ቢሠራ ምን ያኽሉ በእጁ ይቀራል? እንዳይሠራ የሚከለክለው ደንብ አለን? ከማን ጋር ነው የምናስተያየው? ጥያቄዎቹ የሒሳብና የሳይንስ መምህር በየቀኑ ለተማሪ የሚያቀርባቸው ናቸው፤ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ሲገባ በር ላይ የሚተዋቸው ምክንያት የለም።

ከዚህም ሌላ ትምህርት ቤት ራሱ ሊፈትን ይችላል። ለ40 ችግረኛ ልጆች 20 ደንብ ልብስ ወይም 20 የደብተር እሽግ የመጣ እንደ ሆነ፥ አሁን የሚደረገው ርእሰ መምህሩ የወደደውን መምረጥ ነው፤ በኋላም ያጠና ልጅ ሲገኝ በልብሱ ነው ይባላል፥ ያልቀና ሲገኝ ርዳታ አሰነፈው ይባላል። በወላጆች ፊት ዕጣ ቢጣል ግን ሐሜቱ ይቀራል፤ በዓመቱ መጨረሻም የሁለቱ ወገን የመገኘት መዝገብና ማርክ ሊተያይ ይችላል። ዕጣ የሚገባው ዕቃው በእውነት ያነሰ ጊዜ ብቻ ነው፤ ለሁሉ የሚበቃውን ለፈተና ብሎ ከግማሹ መከልከል አይገባም። የአንድ ትምህርት ቤት 40 ልጆችም ጥቂት ስለ ሆኑ የአንድ አውራጃ ትምህርት ቤቶች ተስማምተው መዝገባቸውን በአንድ ዐይነት ቅጽ ቢይዙ ይሻላል። በቅጹ ላይ ዕጣ የወጣላቸው ልጆች ስም በአንድ ዓምድ፥ ያልወጣላቸው በሁለተኛው ዓምድ ይጻፋል፤ ትምህርት ያቋረጠ ልጅ እንኳ ቢሆን ስሙ አይሰረዝም፥ ያቋረጠበት ቀን በአጠገቡ ይመዘገባል እንጂ።